የሠዓሊው ስም የት ገባ?

በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ፣ ከሐሙዲ መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ የቤት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ በር ላይ ባለፈው ሰሞን አንድ ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። አንድ ጥንድ አሮጌ ጫማ ነው። ቆዳው ተጨማዷል፤ ማሰሪያው ተፈቷል። ከሥዕሉ ሥር በገመድ የተንጠለጠሉ አዳዲስ የላስቲክ ነጠላ ጫማዎች ገዢ ይጠብቃሉ። ሥዕሉን አውቀዋለሁ። ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1886 ፓሪስ ላይ የሣለው ነው፤ ዋናው በአምስተርዳም፣ በሠዓሊው ስም በተሰየመው ሙዚየም ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ይህን የሠራው ማን ነው?» ስል ባለ ሱቁን ጠየቅሁት። አማርኛ አሳምሮ የሚናገር ጨዋ ሰው ነው። «ከዱባይ ነው የመጣው፣ ወንድሜ» አለኝ። «የመጣበትን ሳይሆን የሠራውን ነው የጠየቅሁህ» ብለው፣ «ፋብሪካ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። አራት ሺሕ ፍራንክ ከፍዬ ወደ ቤቴ ወሰድሁት። ጀርባውን ስገለብጠው የፋብሪካ ቁጥርና ባር ኮድ ተለጥፎበታል። የሠዓሊው ስም የለም፤ የሥዕሉ ርእስ የለም፤ የተሣለበት ዓመት የለም። የፍሬሙ ስፋት ግን በሴንቲሜትር በጥንቃቄ ተጽፏል።

የዛሬው ክርክሬ ከዚህ ይነሣል። ባለ ሱቁን ልወቅስ አልተነሣሁም። እርሱ የሚሸጠውን የተረከበው ስም አልባ ሆኖ ነው፤ ከገዢዎቹም ስም የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወቀሳዬ በእኛ ላይ ነው፤ በዚህች ከተማ በምንኖር፣ አማርኛ በምናነብ፣ በተከራየነው ክፍል ግድግዳ ላይ ምስማር መትተን ሥዕል በምንሰቅል ሰዎች ላይ። ጨው ስንገዛ የየት ነው ብለን እንጠይቃለን። ቡና ስንገዛ የሐረር ነው ወይስ የሲዳማ ብለን እናሸታለን። ሥዕል ስንገዛ ግን ከሶፋው ቀለም ጋር መስማማቱን ብቻ አይተን ዋጋ እንከራከራለን። ለመሆኑ ሰው ያለ ስም የሚቀበለው ሌላ ምን ነገር አለ?

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ከሁለት ወገኖች ጋር መለያየት አለብኝ። የመጀመሪያው የተማረው ወዳጃችን ነው። ይህ ወዳጅ በየሰው ቤት ገብቶ ቡና በጠጣ ቁጥር ግድግዳውን አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል። «ቅጂ እኮ ውሸት ነው፤ ባዶ ግድግዳ ይሻላል» ይላል። በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ከደመወዟ ቆጥባ የፖም ሥዕል የሰቀለች እህታችን ይህን ስትሰማ ታፍራለች። ልታፍር የሚገባት ግን እርሷ አይደለችም። ዋናውን እንዳታይ አምስተርዳም ሩቅ ነው፤ ኒው ዮርክም ከዚያ ይርቃል። ለቪዛ ማመልከቻ ብቻ የሚጠየቀው ገንዘብ ከሥዕሉ ዋጋ ይበልጣል። ታዲያ ፖል ሴዛን በፖምና በማሰሮ ላይ ዕድሜውን እንደ ጨረሰ፣ ጣልያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ቦሎኛ በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ በ1964 እስኪሞት ድረስ ጠርሙስና ጣሳ ሲሥል እንደ ኖረ በምን በኩል ትወቅ? በኅትመት በኩል ነው እንጂ!

ደግሞስ ቅጂ ሁሉ ውሸት ከሆነ በየቤታችን ያለውን ምን ልንለው ነው? ክርስቲያኑ በግድግዳው ላይ የሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል በወረቀት የታተመ ነው፤ ሙስሊሙ የሰቀለው የመካ ምስልም እንዲሁ። ማንም ሰው «ይህ ኅትመት ስለ ሆነ ከንቱ ነው» ብሎ ሲያወርደው አላየንም። ፈረንጆቹ ራሳቸው በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ከፍ አድርገው የሚጠሩት አንድ ሥራ አለ። ማርሴል ዱሻምፕ በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ከቧንቧ ዕቃ መደብር የወንዶች የሽንት መሽኛ ገዝቶ፣ «አር. መት» የሚል ስም ጽፎበት ለኤግዚቢሽን አቀረበ። አዘጋጆቹ ለሕዝብ አናሳይም አሉት። ያ የመጀመሪያው ዕቃ ኋላ የገባበት ጠፋ። ዛሬ በየሙዚየሙ ከሚታዩት አብዛኞቹ በ1964 በዱሻምፕ ፈቃድ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። ከፋብሪካው ዕቃ የተረፈ ነገር የለም፤ የተረፈው የመረጠው ሰው ሐሳብና የተጻፈበት ስም ነው። ስሙ የብዕር ስም እንኳ ቢሆን፣ ከኋላው «እኔ ነኝ» የሚል፣ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነበረ። ስለዚህ ቅጂ መሆን በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ይሁንና ገዢው እንዳይታለል አንድ ነገር ለይቶ ይወቅ። ኅትመት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠዓሊው ራሱ በድንጋይ፣ በመዳብ፣ በእንጨት ወይም በሐር ወንፊት ላይ ሠርቶ በተወሰነ ቁጥር የሚያትመው ነው። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ከግርጌው በእርሳስ ይፈረምበታል፤ ከ50ው 12ኛው ነው የሚል ዓይነት ቁጥርም ይጻፍበታል። ይህ ቅጂ አይባልም፤ ራሱ ዋና ሥራ ነው። ሁለተኛው የሥዕሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በማተሚያ የሚባዛው ነው። አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ ቀረብ ተብሎ ቢታይ ቀለሙ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበተናል። በገበያችን የሚሸጠው ይህኛው ነው። «ኦሪጂናል ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም ስልክን አውጥቶ ማየት ነው። የቫን ጎግ ጫማ ዋናው ቁመቱ 38፣ ወርዱ 45 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ እኔ የገዛሁት አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በጉልበት ላይ ተቀምጦ ሊታይ የሚችለውን ነገር በር አሳክለውታል። ይህንንም የሚነግር ጽሑፍ በጀርባው የለም።

ሁለተኛው ወገን አገር ወዳዱ ነው። እርሱ ደግሞ «የፈረንጅ ጫማና የፈረንጅ ፖም ምን ያደርግልናል? አውርዱና ጀበና ስቀሉ፤ መሶብ ስቀሉ!» ይላል። ልቡ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ከዚያው ነኝ። ነገር ግን በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ የጀበናና የሲኒ ሥዕልም ተሰቅሎ ይሸጣል። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ያው ባር ኮድ ነው፤ ያው ስም አልባነት ነው። ጀበናው ጆሮው በግራ በኩል፣ ጭሱ በቀኝ በኩል ሆኖ በሺሕ የሚባዛ፣ ማን እንዳየው፣ የማን እናት ጀበና እንደ ሆነ የማይታወቅ ነው። ስም አልባውን ፖም አውርዶ ስም አልባውን ጀበና መስቀል የግድግዳውን ዜግነት ይለውጥ ይሆናል እንጂ የባለቤቱን ዓይን አይከፍትም።

ለነገሩ እነዚያ ፈረንጆች ጫማና ጠርሙስ ለምን ሣሉ? ዘመናዊው ሥነ ጥበብ የነገሥታቱንና የጦርነቱን ሥዕል ትቶ ወደ ጓዳ ሲገባ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚነካውና የማያየው ዕቃ ሊታይ ይገባዋል የሚል። አንዲ ዋርሆል በ1962 የሾርባ ቆርቆሮ በ32 ሸራዎች ላይ ሠራ፤ ኩባንያው በዚያን ጊዜ ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ የሾርባ ዓይነት አንድ ሸራ። በሎስ አንጀለስ ሲያሳያቸው ብዙዎች ሳቁ፤ አሁን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። የእኛ አባቶች «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ይህንኑ ነው። ያየውን ሰው ስም ከሥዕሉ ላይ ሲያነሡት ግን ትምህርቱ ይገለበጣል። ሥዕሉ «አንድ ሰው ይህን ዕቃ እንዲህ አየው» ማለቱን ትቶ «ፋብሪካ እንዲህ ያለ ምስል አለው» ወደ ማለት ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ የራሱን ጫማ፣ የራሱን ማሰሮ ለማየት የሚያነሣሣው ነገር አያገኝም።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ልጥራ። ኤልያስ ስሜ በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1990 ተመረቀ። መርካቶ ውስጥ የተጣለ አዝራር፣ የተቆራረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተሰባበረ የኮምፒዩተር ቁልፍ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እንደ ጥልፍ እየገመደ፣ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎችን ይሠራል። ከሩቅ ሲያዩት ከአየር ላይ የታየ ማሳ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ሬዲዮ ጠጋኝ የጣለው ሽቦ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2019 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ2022 ሥራው በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ትርኢት ቀረበ። ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃ በሚደረግ ሥነ ጥበብ ከዓለም ወደ ኋላ አልቀረንም ማለት ነው፤ ከፊተኞቹም ጋር ነን። ታዲያ ሽቦው በዚህ ወደብ በኩል አልፎ መርካቶ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ ግን፣ በቅጂ እንኳ፣ ወደዚህ ገበያ ሲመለስ አላየሁም።

ሌላም ልጨምር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ተወለደ፤ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰ፤ ዘመናዊውን ሥዕል ለአዲስ አበባ ካስተዋወቁት ከፊተኞቹ አንዱ ሆነ፤ በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። ከሐረር ምድር የሚቆረጠው ጫት በየቀኑ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ማዕከላዊ ገበያችን ይደርሳል፤ ሰዓቱን ቢያሳልፍ ከተማው ይታመሳል። የሐረሩ ልጅ ሥዕል ግን ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ለአንዲት ግድግዳ የሚሆን አንድ የታተመ ወረቀት ሆኖ እዚህ አልደረሰም። ሽንኩርቱ ይመጣል፤ ቲማቲሙ ይመጣል። የባቡር ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ መቶ ዓመት አልፎታል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ተጨምሯል። መንገድ የለም ማለት አንችልም።

ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ምስጢርም አይደለም። ቫን ጎግ በ1890፣ ሴዛን በ1906 ስለ ሞቱ የባለቤትነት መብታቸው ዘመን አልፏል፤ ማንም አታሚ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ለማንም ሳይከፍል ያባዛቸዋል። በሕይወት ያለ ሠዓሊን ሥራ ለማተም ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ የሠዓሊውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የሥራው አመንጪ እርሱ መሆኑ እንዲታወቅለትም መብት ይሰጠዋል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚከለክለው ሰርቆ ማተምን ነው፤ አስፈቅዶ ማተምን አይከለክልም። የሚያስፈቅድ ነጋዴ የጠፋው የሚጠይቅ ገዢ ስለ ጠፋ ነው። ገዢው ስም ካልጠየቀ፣ ለስም የሚከፍል ነጋዴ ከየት ይመጣል? ባለ ስሙ ሥዕል ከስም አልባው ጥቂት ፍራንክ ቢወደድ፣ ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ለምን ብሎ ይገዛዋል? እንግዲህ ስም አልባነት የአንድ መለያ ወረቀት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ያለውን ሠዓሊ ከገበያ የሚያስወጣ አጥር ነው።

«በእኛ ባህል ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም፤ ትሕትና ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህ አባባል ሲደጋገም እውነት የመሰለ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይም ጸሐፊውና ያጻፈው ሰው በስማቸው ተጠርተው ጸሎት የሚለመንላቸው ስንቶች ናቸው! ስማቸው ያልደረሰንም ብዙ ሠዓሊዎች እንደ ነበሩ አልክድም። የእነዚያን ስም ዘመን ወስዶብናል፤ የዛሬዎቹን ስም ግን የምንወስደው እኛ ነን። መነኩሴ ስሙን ቢተው ትሕትና ነው፤ ነጋዴ የሌላውን ሰው ስም ቢተው ግን ትሕትና አይባልም።

ሠዓሊዎቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። ከእነርሱ መካከል ሥራው በኅትመት መባዛቱን እንደ ውርደት የሚቆጥር አለ። አንድ ሸራ ለአንድ ኤምባሲ ወይም ለአንድ ሆቴል ሸጦ ሕዝቡ ሥዕል አያውቅም ብሎ ያማርራል። ሕዝቡ በየት በኩል ይወቅ? ሸራውን መግዛት የማይችል ሰው ሥዕሉን በግድግዳው ላይ ማየት አይገባውም ማለት፣ መጽሐፍ በብራና ካልሆነ አይነበብ እንደ ማለት ነው። በጥሩ ወረቀት የታተመ፣ የሥዕሉ ርእስ፣ የሠዓሊው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና የዋናው መጠን በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት አንድ ቅጂ፣ ሾፌሩ በጉዞው፣ ነጋዴው በሻንጣው ሊያመጣው የሚችል ነገር ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሥዕሉን ይገልብጥ፤ «የማን ነው?» ይበል። ባለ ሱቁ ባያውቅ ግድ የለም። አሥር ሰው ከጠየቀው አሥራ አንደኛው ከመምጣቱ በፊት ከአምጪው ይጠይቃል፤ ነጋዴ ገበያው የጠየቀውን ከማምጣት ተቆጥቦ አያውቅም። አስቀድሞ ስም አልባውን የገዛም ቢሆን አያውርደው። የሚያውቅ ሰው ጠይቆ፣ ፈልጎ፣ ስሙን በእርሳስ በጀርባው ይጻፍበት። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለስንብት ሥዕል በስጦታ የሚያበረክቱ ማኅበሮቻችንም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት ያለ ሠዓሊን አስፈቅደው፣ ስሙን አስጽፈው፣ ድርሻውን ከፍለው ያስትሙ። የሚጠፋው ገንዘብ ለአንድ ድግስ ለስላሳ ከሚወጣው አይበልጥም።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ልጆቹ ነው። እዚህ ተወልደው ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤት፣ ሶማሊኛና አፋርኛ በሰፈር፣ አማርኛ በቤት የሚናገሩ ልጆቻችን ሙዚየም ሄደው አያውቁም። የሚያዩት ግድግዳችንን ነው። በየቀኑ የሚያዩት ምስል ሠሪ እንደሌለው ተምረው ካደጉ፣ ምስል መሥራት የሰው ሥራ መሆኑን፣ የእነርሱም ሥራ ሊሆን እንደሚችል ማን ይነግራቸዋል?

እኔ የገዛሁትን ሥዕል ጀርባውን በእርሳስ ጻፍሁበት፤ ቪንሰንት ቫን ጎግ፣ ጫማ፣ ፓሪስ፣ 1886። ፊት ለፊቱም እንዲነበብ ያንኑ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከፍሬሙ ሥር ለጠፍሁ። የጎረቤቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስኳር ልትበደር መጥታ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ በበሩ ሥር ያወለቅሁትን የእኔን ጫማ ዞር ብላ አየች። «ጋሼ፣ የእኛ አገር ሰውስ ጫማ ሥሎ ያውቃል?» አለችኝ። ስለ ኤልያስ ስሜ ሽቦና አዝራር ነገርኋት። «ታዲያ የእሱ የት አለ?» ብላ ግድግዳውን ተመለከተች። ከቫን ጎግ ጫማ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበረ።